የሞተ አህያ ጅብ አይፈራም (ዘጋቢ ፊልም)

ስዊድናዊው ዮአኪም ዴመር ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ለዕይታ የበቃ፣ በጋምቤላ ክልል ለባለሀብቶች ስለተሰጠው ሰፊ የእርሻ መሬት የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም ነው። መነሻው አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፦ ዳይሬክተሩ የእርዳታ እህል ሲራገፍ፣ እዚያው አጠገብ ደግሞ ወደ ውጭ የሚላክ ምግብ ሲጫን ተመለከተ። ጉዳዩንም ለዓመታት ተከታተለው። እ.ኤ.አ. በ2011 አገር ጥሎ የወጣው ጋዜጠኛ አርጋው አሽኔ ከፊልሙ ባለታሪኮች አንዱ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ትኬት በመሸጥ አይታወቅም፤ ይበልጥ የታየውም በፌስቲቫሎች ነው። ሆኖም ሊታይ የሚገባው ፊልም ነው። ከመሬታቸው የተነሱት ሰዎች ራሳቸው ይናገራሉ፤ ካሜራውም ከጋምቤላ ደን ተነስቶ የዓለም ባንክን ገንዘብ ዱካ ይከተላል። ስለ ክልሉ ይህን ያህል በትዕግሥት የተሠራ ፊልም ጥቂት ነው።