ቺማንጎ ካራካራ

ቺማንጎ ካራካራ በደቡብ አሜሪካ ደቡባዊ ክፍል የሚኖር፣ ከጭልፊት ቤተሰብ የሚመደብ አዳኝ ወፍ ነው። ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 300 ግራም ገደማ ነው። ላባው ቡናማ ሲሆን፣ ሲበር በክንፎቹ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ይታያል። ከኡራጓይና ከአርጀንቲና የሣር ሜዳዎች አንሥቶ በቺሊ በኩል እስከ ቲዬራ ዴል ፉዌጎ ድረስ ይገኛል።

ብዙዎቹ ጭልፊቶች ከሰማይ ተወርውረው ሲያድኑ፣ ቺማንጎ ግን አብዛኛውን ምግቡን መሬት ለመሬት እየተራመደ ይለቅማል። ጥምብ፣ ነፍሳት፣ ትል፣ የወፍ ጫጩት፣ የከተማ ቆሻሻ፣ ምንም አይመርጥም። ገበሬ ሲያርስ ተከትሎ ከተገለበጠው አፈር ትል ይለቅማል፤ ከብት ጀርባ ላይ ቆሞም መዥገር ይነቅላል። በቢግል መርከብ የተጓዘው ቻርልስ ዳርዊን ዳቦ ሳይቀር እንደሚበላ ጽፏል፤ በቺሎዌ ደሴትም አዲስ የተተከለ ድንች እየነቀለ ሰብል እንደሚያበላሽ ሰዎች ነግረውታል። በአርጀንቲና በተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ ምግብ የያዘ ዝግ ሣጥን ሲከፍት፣ ዘዴውንም ሌላውን አይቶ ሲማር ታይቷል። ጥምብ በል ተብሎ የሚናቀው ይህ ወፍ፣ በእርግጥም ከአስተዋይ አዳኝ ወፎች አንዱ ነው።

ጎጆውን ዛፍ ላይ፣ ዛፍ ከሌለም መሬት ላይ ይሠራል፤ ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 እንቁላል ይጥላል።

ሁሉን መልመዱ ግን ጉዳትም አለው። በ1928 እ.ኤ.አ. ሰዎች ወደ ራፓ ኑይ (ፋሲካ ደሴት) ወሰዱት፤ ዛሬ እዚያ የሚዋለዱ የባሕር ወፎችን ጎጆ ይዘርፋል። ቺማንጎ ራሱ ግን በዓለም አቀፍ ደረጃ የመጥፋት ሥጋት ካለባቸው ዝርያዎች አይቆጠርም።