ስለ ፍሳሽ ዝቃጭ መድረቅ፤ ከኮልፌ ቀራንዮ አንጻር የታየ የከተማ ታሪክ

የአዲስ አበባን የውሃ ታሪክ የሚመረምር ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው ውሃው እንዴት እንደ ገባ ነው። በስተምዕራብ ያለው የጌፈርሳ ግድብ ከ1930ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ፣ በስተምሥራቅ ያለው ለገዳዲም ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ለከተማው ውሃ ሰጥተዋል። የገባው ውሃ በየት ወጣ ብለን ስንጠይቅ ግን መልሱ ያጥራል። ወደ ቃሊቲ የሚወርደው የፍሳሽ መስመርና በዚያ ያሉት የማጣሪያ ኩሬዎች የተሠሩት በ1970ዎቹ ነው፤ የደረሱትም ለከተማው ጥቂት ክፍል ብቻ ነበር። ኮልፌ ቀራንዮን በመሰለ ዳር ሰፈር አብዛኛው ሕዝብ በጉድጓድ መጸዳጃ ኖሯል።

ጉድጓዱ ሲሞላ የፍሳሽ ማንሻ መኪና ይጠራል። መኪናው የሚመጥጠው ነገር ስሙ ዝቃጭ ይባል እንጂ አብዛኛው ውሃ ነው። ለምሳሌ ያህል ከመቶ 98 እጁ ውሃ የሆነ 1,000 ኪሎ ግራም ዝቃጭ ብንወስድ፣ ጠጣሩ 20 ኪሎ ብቻ ነው። ውሃው ወደ 96 እጅ ሲወርድ፣ ለዓይን ያው ቀጭን ፍሳሽ ሆኖ ሳለ፣ ክብደቱ በግማሽ ይቀንሳል። ወደ 75 እጅ ሲደርስ ግን በአካፋ የሚዛቅ 80 ኪሎ ብቻ ይቀራል፤ ይኸውም 920 ኪሎ ውሃ ተለይቷል ማለት ነው። ይህን ሁሉ በእሳት እናትንነው ብንል፣ ከማገዶው ሙቀት አንዳች ሳይባክን እንኳ 130 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ እንጨት ይጠይቃል። እንዲህ ያለውን ወጪ የሚችል ማን ነው?

ስለዚህ ሥራው ለአሸዋና ለፀሐይ ተሰጠ። በቃሊቲና በኮተቤ የተሠሩት የማድረቂያ መደቦች አሠራር ቀላል ነው፤ ከታች ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ ይነጠፋል፤ ዝቃጩ በስሱ ይፈስበታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልቅ የሆነው ውሃ በአሸዋው ይሰርጋል፤ የቀረውን ፀሐይና ነፋስ ይወስዱታል፤ ፊቱም እንደ በጋ መረሬ መሬት ይሰነጣጠቃል። ችግሩ ክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ፣ ጣራ በሌለው መደብ ላይ የወጣውን ውሃ መልሶ ይጨምራል።

የኮልፌ ነገር ከዚህ ይከፋል። መደቦቹ አንዱ በምሥራቅ፣ ሌላው በደቡብ ሲሆኑ፣ የምዕራቡ ሰፈር ዝቃጭ ለብዙ ዓመታት ከተማውን እያቋረጠ ተጓጉዟል፤ ከነዳጁ የሚበዛውም የተቃጠለው ውሃ ለመሸከም ነው። መንገዱ በረዘመ ቁጥር በሌሊት ወደ ወንዝ የመድፋት ፈተና የሚበዛ ይመስለናል። ትንሹ አቃቂ ደግሞ ወርዶ የጎመን እርሻ የሚያጠጣ ወንዝ ነው። በቅጡ ባልደረቀ ዝቃጭ ውስጥ የወስፋት እንቁላል ብዙ ወራት በሕይወት ሊቆይ ይችላል።

ወረዳው ስለ ደረቅ ቆሻሻም ያየው መከራ አለ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ በሚለው ስፍራ፣ የከተማው ጥራጊ ሲከመር ኖረ፤ ከሥሩ የሚወጣውን ፍሳሽ የሚይዝ ንጣፍ አልተበጀለትም ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ጥራጊ ዝቃጭ አይደለም፤ ሁለቱንም ግን ውሃቸውን ሳያወጡ መከመር አንድ ዓይነት ቸልተኝነት ነው እንላለን።

በ2010 ዓ.ም. ገደማ በቃሊቲ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ አዲስ ጣቢያ ተሠራ። በዚያው ዓመት በነሐሴ በረጲ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። የእርሱም ምድጃ እርጥብ ጥራጊ ሲቀርብለት፣ ብርሃን ከመስጠቱ በፊት ውሃውን ማትነን አለበት።