ደመወዝና የቤት ኪራይ በአዲስ አበባ ታሪክ

በአማርኛ ትዳር የያዘ ሰው ጎጆ ወጣ ይባላል። ይኸውም ትዳር ያለ ቤት እንደማይጸና ቋንቋው ራሱ ሲመሰክር ነው። ደመወዝ የሚለውንም ቃል ደምና ወዝ ብለው የሚፈቱት አሉ። እንግዲህ ቤት ተወደደ ወይም ረከሰ ለማለት ዋጋውን ብቻ መናገር አይበቃም፤ ለዚያ ዋጋ የስንት ቀን ደምና ወዝ እንደሚከፈልበት መቍጠር ያስፈልጋል። የመቶ ብር ኪራይ በወር ሺህ ብር ለሚያገኝ ሰው ቀላል ነው፤ መቶ ሃምሳ ብር ለሚያገኝ ግን የልጆቹን እንጀራ የሚነጥቅ ዕዳ ነው። የአዲስ አበባ ታሪክ በዚህ ሚዛን ቢመዘን ብዙ ነገር ይገለጣል።

ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር ማደሪያ የሚገኘው በገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት ነበር። ምኒልክ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ፥ ለአብያተ ክርስቲያናትም ቦታ ሰጡ፤ ወታደሩና አሽከሩ በጌታው ግቢ ዙሪያ ሰፈረ። እስከ ዛሬ ራስ መኰንን ሰፈር፥ ሠራተኛ ሰፈር የሚባለው ስም የዚያን ዘመን አሰፋፈር ያስታውሳል። ቤቱ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፥ ክዳኑ ሣር ስለ ነበረ ባለቤቱ ከጎረቤቱ ጋር ተረዳድቶ ይሠራው ነበር። እንጨት ባለቀ ጊዜም ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማይቱን ከመፈታት አዳናት። የዚያ ዘመን ድኃ በደመወዝ ቤት ባይገዛም፥ ጌታውን ያጣ እንደ ሆነ ማደሪያውንም ሊያጣ ይችል ነበር።

በ1900 ዓ.ም. የወጣው የቦታ ደንብ ግን ይህን ልማድ ለወጠው። የከተማው ቦታ የሚሸጥ፥ የሚለወጥና ለልጅ የሚወረስ ሀብት ሆነ። የምድር ባቡርም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ነጋዴው፥ ጸሐፊውና የቀን ሠራተኛው እየበዛ ሄደ። ቦታው በጥቂቶች እጅ እንደ ነበረ ሲቀር የሰው ብዛት ግን በየዓመቱ ጨመረ። ስለዚህ ከባለ ርስቱ ደጅ የሚከራይ ጭቃ ቤት በረድፍ ተሠራ፤ ሣሩም በቈርቈሮ ተተካ። ከዚያ ወዲህ ከከተማው ሕዝብ የሚበዛው ተከራይ ሆነ። የኪራዩንም ልክ የሚወስነው የተከራዩ ገቢ ሳይሆን የባለ ቦታው ፈቃድ ነበር፤ በዚህም ነገር ከመኳንንቱ ጋር ብዙ ቦታ የነበራት ቤተ ክርስቲያን ከወቀሳ ነጻ አልነበረችም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን ሁሉ የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተወሰነ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራየው ቤት ለቀበሌ፥ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጠ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። በዚያ ቀን የድኃው ሸክም መቃለሉ ሊካድ አይገባም። በጥቂት ብር ቀበሌ ቤት ተቀምጦ ልጆቹን ያስተማረ ሰው ቍጥር ስፍር የለውም።

ነገር ግን አዋጁ ኪራዩን እንጂ የቤቱን ቍጥር አላበዛም። የግል ሰው አከራይቶ ለመጠቀም ቤት መሥራቱን ተወ፤ የተቀነሰውም ኪራይ ለጥገና ስለማይበቃ ግድግዳው እየዘመመ፥ ቈርቈሮው እየዛገ ሄደ። በዚያ ጊዜ ቤት ያገኘ ተጠለለ፤ በኋላ የተወለደውና ከገጠር የመጣው ግን በአንዱ ክፍል ላይ ሌላ ደባል ሆኖ ገባ። እንዲህ ሆኖ ርካሽ ቤት ላገኘ በረከት፥ ላላገኘ የተዘጋ ደጅ ሆነ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መሬት የመንግሥት እንደ ሆነ ቀርቶ በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ወጣ። ቦታ በጨረታ ለሚበልጥ ከፋይ ይሰጥ ጀመር፤ በጨረታ ደግሞ ወር ጠባቂ ደመወዝተኛ ነጋዴን አያሸንፍም። ይህን ለማቃናት ከ1997 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ኮንዶሚኒየም በብዛት ተሠራ፤ ቤቱ በዕጣ፥ ዋጋውም በባንክ ብድር ሆነ። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ስሙን አስመዘገበ፤ የተሠራው ቤት ግን ከዚህ ብዛት ጋር ሊተካከል አልቻለም።

በዚያ ምዝገባ 10/90 የተባለው ክፍል በወር ከ1,200 ብር በታች ለሚያገኝ ቤተሰብ የታሰበ ነበር። 1,200 ብር የሚያገኝ ሰው ከሦስት እጅ አንዱን ለቤት ቢያውል 400 ብር ነው። ይህን ሃያ ዓመት ሳያቋርጥ ቢከፍል 96,000 ብር ይሆናል፤ ከዚህም የባንክ ወለድ ሲነሣለት ለቤቱ ዋጋ የሚተርፈው ከዚያ ያነሰ ነው። ሲሚንቶና ብረት በተወደደ ቍጥር ይህ ስሌት ይፈርሳል። ስለዚህ ዕጣ ከደረሳቸው ብዙዎች ወርኃዊውን ዕዳ መክፈል አቅቷቸው ቤቱን ለሌላ አከራዩ፤ ራሳቸውም ርካሽ ክፍል ፍለጋ ወደ ዳር ሄዱ። ጎጆ ወጡ እንዳይባል አልገቡባትም፤ ቤት አልባ እንዳይባሉም ቤት አላቸው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ቍጥር 1320 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፥ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ በመንግሥት በሚነገር ልክ ብቻ እንዲሆን አዝዟል። ተከራይን በድንገት ከመባረር መጠበቁ መልካም ነው።

ሆኖም የ1967ቱ ታሪክ ምስክር ነው፤ ቤት ሳይበዛ ኪራይን ማሰር ለዛሬው ተከራይ ዕረፍት፥ ለነገው ግን ጥበት ይሆናል። የኮንዶሚኒየሙም ታሪክ ሌላው ምስክር ነው፤ ደመወዝን ሳይመዝኑ ቤት መሥራት ለድኃ ተብሎ የታነጸውን ለሌላ ያሳልፋል። አንዱ ያለ ሌላው ጐደሎ ነው። ስለዚህ ቤት የሚሠራ መንግሥትም ሆነ ባለ ጸጋ መሠረቱን ከመቈፈሩ በፊት የሚገባበትን ሰው የወር ገቢ ይጠይቅ፤ የቤት መሠረቱ ከድንጋዩ በፊት እርሱ ነውና።