ወላስማ፤ ከቤተሰብ ስም ወደ ሹመት ስም

በአገራችን ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወርስ የቤተሰብ ስም የተለመደ አይደለም። ከጣርማ በር ግርጌ በተንጣለለው የይፋት ቆላ ግን ከዚህ ልማድ የወጣ አንድ ስም እናገኛለን፤ ይኸውም «ወላስማ» ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ስሙ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ መመርመር ነው።

የግብጹ ታሪክ ጸሐፊ አል መቅሪዚ በ15ኛው መቶ ዘመን እንደ ጻፈው፣ የቤቱ አባቶች ከሒጃዝ መጥተው በጀበርቲ አገር ሰፈሩ፤ ከእነርሱም ወገን ዑመር የተባለው በሐበሻው ንጉሥ ተሹሞ ይፋትን ገዛ። ወላስማ በመጀመሪያ የዚህ ሰው ቅጽል ስም ነበር። ኋላ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ የሚታወቁበት የቤት ስም ሆነ።

ስሙ ከቤቱ ጋር ተሰደደ። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሡልጣን ሰዓደዲን ዘይላ ላይ ሲገደል፣ ልጆቹ ወደ የመን ተሻገሩ፤ ሲመለሱም መቀመጫቸውን በምሥራቅ፣ በአዳል ምድር አደረጉ። በ1520 (እ.ኤ.አ.) ሡልጣን አቡበከር መናገሻውን ወደ ሐረር አዛወረ።

ይሁን እንጂ ስሙ ከይፋት አልጠፋም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847 እ.ኤ.አ.) ይፋትን ያስተዳድር የነበረው፣ የጎንቾን እስር ቤት የሚጠብቀው ሹም፣ በ1841 ወደ ሸዋ የመጣው እንግሊዛዊ መልእክተኛ ሃሪስ እንደ መዘገበው፣ ወላስማ መሐመድ ይባል ነበር። ልብ እንበል፤ በዐረብኛው ጽሑፍ ወላስማ ከዑመር ስም በኋላ ይመጣል፤ በሸዋ ግን እንደ ራስና እንደ ደጃዝማች ከሰውየው ስም ይቀድማል። የቤት ስም የነበረው የሹመት ስም ሆኗል ማለት ነው።

የስኮትላንዱ የስቱዋርት ስም ጉዞ ተቃራኒ ነው። ዘሩ ከብሪታኒ የሆነው ዋልተር በ12ኛው መቶ ዘመን የንጉሥ ቤት አዛዥ ሆኖ ተሾመ፤ «አዛዥ» የሚለው የሹመት ስም የልጆቹ ቤተሰብ ስም ሆነ፤ ቤቱም በ1371 (እ.ኤ.አ.) ዘውድ ጫነ።

እንግዲህ የ19ኛውን መቶ ዘመን ጽሑፍ የሚያነብ ተማሪ፣ ወላስማ የተባለውን ሁሉ የዑመር ዘር አድርጎ መቁጠር አይገባውም። ስሙ የሚመሰክረው ለሥልጣኑ ነው፤ ለዘሩ ሌላ ማስረጃ ያሻል።