ማየትና መጫወት፦ ከተውኔት እስከ ስኮደስፔል

ስቶክሆልም መሀል ኒብሩፕላን በሚባለው አደባባይ፣ ነጭ እብነ በረድ የለበሰ ሕንፃ ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ ቆሟል። ሕንፃው የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው፤ በውስጡ ያለውን ተቋም ግን ንጉሥ ጉስታቭ ሦስተኛ በ1788 መሠረቱት። መጠሪያው ንጉሣዊ የድራማ ትያትር ቢሆንም የከተማው ሰው አሳጥሮ “ድራማተን” ይለዋል። በዚህች አጭር ስም ውስጥ ሁለት የግሪክ ቃላት ተጨምቀዋል። ፊተኛው “ድራማ” ነው፤ “ድራን” ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ትርጉሙ ማድረግ፣ መፈጸም ነው። ከኋላ የቀረችው “ተን” ደግሞ የ“ትያትር” ጅራት ናት።

“ቴአትሮን” በግሪክ ማየት ከሚለው ግሥ የተወለደ ነው። “ትሮን” የምትለዋ መድረሻ መሣሪያን ወይም ቦታን ታመለክታለች፤ እኛ በቃል መነሻ ላይ “መ” ጨምረን መቀመጫ፣ መተኛ እንደምንለው ማለት ነው። ስለዚህ የግሪኩን ቃል ቃል በቃል ብንመልሰው “ማያ” ወይም “መታያ” ይሆናል። ጥንት ቃሉ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚያይበት የኮረብታ ጥግ ስም ነበር። አማርኛ ሲወስደው ግን ቦታውን ትቶ የሚታየውን ነገር ብቻ ያዘ። ለዚህም ነው ቦታውን ለመጥራት “ቤት” ጨምረን “ትያትር ቤት” የምንለው።

አጻጻፉ ቴአትር፣ ቲያትር፣ ትያትር እየተባለ ይለዋወጣል። እኔ “ቴአትር” የሚለውን አልነቅፍም፤ አባቶቻችን ከግሪክ የመጡትን ስሞች ቴዎድሮስ፣ ቴዎፍሎስ ብለው የጻፉት በዚሁ ፊደል ነውና። በአንደበት የሚሰማው “ትያትር” ስለሆነ ግን እዚህ እሱን ይዣለሁ። የውጭ ቃል መዋስም አዲስ አይደለም፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ደራሲ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ የተማሩ ሰው ነበሩ። እሳቸውም በሥራቸው ርእስ ላይ “ኮሜዲያ” የሚል የባሕር ማዶ ቃል አኑረዋል።

ከውጭ ያልመጣው ቃላችን ተውኔት ነው። በግዕዝ “ተዋነየ” ማለት ተጫወተ ማለት ነው፤ ተውኔትም ጨዋታ ነው፤ ተዋናይም ተጫዋች። የግሡን ቅርጽ ልብ በሉት፤ ተጫወተ፣ ተወያየ፣ ተካፈለ እንደምንለው ያለ ነው። ይህ ቅርጽ ብዙውን ጊዜ ከሌላ ሰው ጋር የሚደረግን ነገር ይነግረናል። ጨዋታ ወሬም ነው፣ ወግም ነው፣ እንግዳ ማስተናገጃም ነው፤ ብቻውን የሚጫወት ሰው ከታየ ያሳስባል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ላይ የኤፌሶን ሕዝብ የተሯሯጠበት ስፍራ በግሪኩ “ቴአትሮን” ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ግን “ጨዋታ ስፍራ” አሉት። የግሪኩን ዓይን በግዕዙ ጨዋታ ለወጡት ማለት ነው። ይህን አተረጓጎም ባነበብኩት ቁጥር ልቤ ይሞቃል።

እንግዲህ ግሪክ አየ፣ ግዕዝ ተጫወተ። ስዊድንኛ ምን አደረገ? ሁለቱንም። ተውኔት በስዊድንኛ “ስኮደስፔል” ይባላል። “ስኮዳ” ማለት አየ ነው፤ ዝም ብሎ ማየት ሳይሆን ልብ ብሎ፣ ተመልክቶ ማየት። “ስፔል” ጨዋታ ነው። የሚታይ ጨዋታ! ቋንቋውን ስማር ይህ ቃል ሲፈታልኝ፣ የግሪኩና የግዕዙ ቃል በሦስተኛ አገር ተገናኝተው አንድ ቤት የሠሩ መሰለኝ። ተዋናዩም “ስኮደስፔላረ” ነው፤ እየታየ የሚጫወት።

በተውኔትና በትያትር መካከል ያለውን ልዩነት ግን ከየትኛውም መዝገበ ቃላት በላይ ያስረዳኝ እዚያው ድራማተን ውስጥ የሆነ አንድ ታሪክ ነው። አሜሪካዊው ዩጂን ኦኒል እ.ኤ.አ. የ1936ን የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ወደ ስቶክሆልም ሊመጣ አልቻለም። በላከው ንግግር ግን ለትያትር እንዲጽፍ ያነሣሣው ስዊድናዊው አውጉስት ስትሪንድበርግ መሆኑን መሰከረ። ከዚያም በ1941 ስለ ራሱ ቤተሰብ የጻፈውን “የረጅሙ ቀን ጉዞ” የተባለውን ሥራ ጨረሰ። አባትዬው ተዋናይ፣ እናቲቱ የሞርፊን ሱሰኛ፣ ሁለት ወንዶች ልጆች፤ ታሪኩ እ.ኤ.አ. በኦገስት ወር 1912 በአንድ ቀን ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት የሚያልቅ ነው። ቁስሉ እጅግ የቀረበ ስለነበር ጽሑፉን አሽጎ ለአሳታሚው አስቀመጠ፤ እሱ ከሞተ 25 ዓመት ሳይሞላ እንዳይታተም፣ በመድረክም ከነጭራሹ እንዳይታይ ብሎ።

በዚያ ማኅተም ሥር የነበረው ነገር ተውኔት ነው። ትያትር አይደለም፤ ማንም አላየውምና።

ኦኒል በ1953 ሞተ። ባለቤቱ ካርሎታ ሞንቴሬይ፣ ባሏ ከመሞቱ በፊት ሥራው ለድራማተን እንዲሰጥ እንደነገራት ተናገረች። በወቅቱ የቤቱ ኃላፊ ካርል ራግናር ጊሮቭ ነበሩ። ቤንግት ኤከሩት አዘጋጀው፤ በቀጣዩ ዓመት በኢንግማር በርግማን ፊልም ላይ ሞትን ሆኖ የተጫወተው ሰው ነው። ኢንጋ ቲድብላድ እናትን፣ ላርሽ ሃንሶን አባትን፣ ኡልፍ ፓልመና ያርል ኩለ ልጆቹን ሆነው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1956፣ በእኛ የካቲት 2 ቀን 1948 ዓ.ም. መድረክ ላይ ወጡ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን “የረጅሙን ቀን ጉዞ” ዓለም መጀመሪያ የሰማው በስዊድንኛ ነው፤ ብሮድዌይ የደረሰው በኖቬምበር ወር ነበር። በዚያው በእኛ 1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዛሬ ብሔራዊ ትያትር የምንለው ቤት ተመርቋል።

ስዊድኖች ለእንዲህ ያለው ምሽት “ኡርፕሬሚዬር” የሚል ቃል አላቸው። “ኡር” ጥንት፣ መነሻ፣ ከሁሉ በፊት የሚል ነው፤ ድንጋይ ሳይጠረብ፣ ደን ሳይመነጠር የነበረውን ዘመን የሚያመለክቱትም በእሷ ነው። ከሌላ ቋንቋ ወይም ከሌላ ከተማ የመጣ ሥራ በእነሱ ዘንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ፕሬሚዬር ይሉታል፤ በምድር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ግን ኡርፕሬሚዬር። እኛ ሁለቱንም “ምረቃ” እንላለን። ሕንፃም ይመረቃል፣ ተማሪም ይመረቃል። ምርቃት ያለበት ውብ ቃል ነው፤ ያን ልዩነት ግን አይዝም።

በሌላ በኩል እኛ ያለን ሀብት ትንሽ አይደለም። የተውኔት ክፍል “ገቢር” ይባላል፤ ግዕዙ ገብረ፣ አደረገ ነው። የግሪኩ ድራማ በትክክል የሚለውም ይህንኑ ነው። “መድረክ” በግዕዝ የበር ደፍ ነበር፤ ተዋናዩ ደፉን ሲረግጥ ከአንድ ዓለም ወደ ሌላው ይሻገራል። ከሁሉ የሚገርመኝ “ትዕይንት” ነው። ዛሬ ዓይንን ስለሚያስታውሰን የሚታይ ነገር እንለዋለን፤ በግዕዝ ግን ሰፈር፣ የጦር ሰፈር፣ ድንኳን የተተከለበት ነው። ስዊድኖች መድረክን “ሴን” የሚሉበት የግሪኩ “ስኬኔ”ም መጀመሪያ ድንኳን ነበር። ሆን ተብሎ የተመረጠ አይመስለኝም፤ ነገር ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ድንኳናቸውን የተከሉት አንድ ሜዳ ላይ ነው።

ታዲያ ዛሬ ብዙ ሰው ተውኔትን የትያትር “ያማረ ስም” አድርጎ ሲያዘዋውረው ያሳዝነኛል። ጸሐፌ ተውኔት እንላለን እንጂ ጸሐፌ ትያትር አንልም፤ ትያትር አየሁ እንላለን እንጂ ተውኔት አየሁ የሚል ጥቂት ነው። አንደበታችን የሚያውቀውን ብዕራችን አይርሳ። ከባሕር ማዶ የመጣ ሥራ ተርጉማችሁ መድረክ ላይ የምታወጡ ወገኖቼ፣ በማስታወቂያችሁ ላይ የደራሲውን ተውኔት ተውኔት፣ የእናንተን ትያትር ትያትር በሉት።

ተዋናይ የሚለውን ቃል ድራማተን አልረሳውም። ኦኒል ሥራው በስዊድን ከመታየቱ የሚገኘውን የደራሲ ድርሻ ለቤቱ ትቶለት ነበርና፣ ከ1956 ጀምሮ በስሙ የሚሰጠው ሽልማት በየዓመቱ የሚደርሰው ለስኮደስፔላሮቹ ነው። የመጀመሪያው ተሸላሚ አባትን ሆኖ የተጫወተው ላርሽ ሃንሶን ነበር።