ፊደላችን ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ሲሻገር

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ግጥም ወይም ስለ ልቦለድ ሳይሆን፣ ሁለቱም ስለሚጻፉበት ፊደል ነው።

ፊደላችን ከአንድ መጻፊያ ወደ ሌላ መሻገርን ያውቅበታል። በ1513 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ሮም ላይ የግዕዙን መዝሙረ ዳዊት ሲያሳትም፣ ፊደሉ ከብራና ወደ ማተሚያ ተሻገረ። ወደ ጽሕፈት መኪና ሲገባ ደግሞ ቁልፎቹ ስላልበቁት አካሉና ቅጥሉ ተለያይተው በየምቱ የሚገጣጠሙ ሆኑ። መልኩ ጎበጥ ቢልም ወረቀቱን ያገኘ ሁሉ ያነበው ነበር። «ለ» የትም ብትሄድ «ለ» ነበረች።

ኮምፒዩተር ይህን ለወጠው። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥርን እንጂ ፊደልን አይደለም፤ ለቁጥሩ መልክ የሚያለብሰው ፎንት ነው። የዚያ ዘመን ፎንት 256 ቦታዎች ነበሩት፤ የመጀመሪያዎቹ 32 ለትእዛዝ የተያዙ ስለሆኑ የሚተርፉት 224 ናቸው። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ ግን 231 ይሆናሉ፤ ያውም ዲቃሎቹን፣ አኃዞቹንና ነጥቦቹን ሳንቆጥር። ስለዚህ የፕሮግራም ባለሙያዎቻችን በየፊናቸው መላ መቱ። አንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው እንደ ጽሕፈት መኪናው ገጣጠመው። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎችም ብዙ አገልግለውናል፤ ግን በቁጥሩ አልተስማሙም። እኔ ባንክ ቤት የምሠራ ሰው ነኝና በሙያዬ ቋንቋ ልናገር፦ አንድ የሒሳብ ቁጥር ለብዙ ባለቤቶች ተከፍቶ ነበር።

ኢንተርኔት ሲመጣ ጉዳቱ አደባባይ ወጣ። በአማርኛ የተዘጋጀ ገጽ አዘጋጁ የተጠቀመበት ፎንት በሌለው ኮምፒዩተር ሲከፈት፣ ብራውዘሩ የሚያሳየው ነጥብና ጭረት የደፉ የፈረንጅ ፊደላትን ነበር። በማኪንቶሽ ደግሞ ይብስ ነበር። ከ128 በላይ ያሉት ቁጥሮች በማክና በዊንዶውስ አቀማመጣቸው ይለያያል፤ የማኩ ብራውዘር ደግሞ ለፈረንጅ ፊደል የሚበጀውን አስቦ ያዛውራቸው ነበር። ስለዚህ ፎንቱን የጫነ አንባቢ እንኳ ከፊደሉ ከፊሉን አግኝቶ ከፊሉን ያጣ ነበር። ብዙዎች መፍትሔ ያደረጉት ገጹን እንደ ሥዕል ወይም በፒዲኤፍ ማቅረብን ነው። ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ሥዕል ቃል ተፈልጎ አይገኝበትም፤ ከፒዲኤፉም የተቀዳው አንቀጽ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ያው የተለመደው ዝብርቅርቅ ይሆናል።

እርቁ የመጣው በዩኒኮድ ነው። በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን መደበ፤ እያንዳንዱ ፊደል በዓለም ሁሉ የራሱ የሆነ ቁጥር አገኘ። ይሁን እንጂ ቁጥር ማግኘት ብቻውን መታየት አልነበረም። ዊንዶውስ ኤክስፒ የእኛን ፎንት ይዞ ስላልመጣ፣ ፎንት ያልጫነ ሰው በትክክል የተጻፈውን አማርኛ በባዶ ሳጥኖች ያየው ነበር። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለሕዝብ ያቀረበው በ2007 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነው። ቀደምት አንድሮይድ ስልኮችም ያንኑ ሳጥን ደግመውልናል።

ታዲያ ያለፈውን ዛሬ ምን አነሣው? ከዕርቁ በፊት የተጻፈው አሁንም ከዕርቁ ውጭ ስላለ ነው።

ሽሮ ሜዳ የሚኖሩ፣ ከባንክ ሥራ ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ባለፈው ዓመት አንድ ሲዲ ሰጡኝ። «ልጄ፣ ግጥሞቼ እዚህ ውስጥ አሉ፤ ኮምፒዩተሩ ግን እንቢ አለኝ» አሉ። በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) የጻፏቸው ከሠላሳ በላይ ግጥሞች ነበሩ። ስከፍታቸው ያየሁት ባለቆብ የፈረንጅ ፊደላትን፣ የገንዘብ ምልክትንና የጥያቄ ምልክትን ነው። የጻፉበትን ፕሮግራም ስም እሳቸውም ረስተውታል።

«ከመካከላቸው በቃልዎ የሚያስታውሱት አለ ወይ ጋሼ?» አልኳቸው። አንዱን፣ ለእናታቸው የጻፉትን፣ ሳያደናቅፋቸው ወጡት። እሳቸው እየደገሙ እኔ ጻፍኩ፤ ከዚያም የጻፍኩትን ከዝብርቅርቁ ጎን አስቀምጬ ምልክቱን ከፊደሉ አዛመድኩ። ይህ ምልክት «መ» ነው፤ ይህ «ና» ነው፤ እያልን ሄድን። በሁለት ቅዳሜ የመፍቻ ሠንጠረዥ ወጣን፤ በእሱም ሌሎቹ ግጥሞች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ለማይደጋገሙት ጥቂት ፊደላት ዳኛችን ቤት መምቻው ነበር። ጋሼ ረስተውት የነበረውን የራሳቸውን ግጥም እንደ እንግዳ ሰው ግጥም አዳመጡት።

አንባቢ ሆይ፣ ያን ሁሉ የከፈተው አንድ በቃል የተያዘ ግጥም ነበር። በየቤቱ መሳቢያ፣ በየፍሎፒውና በየሲዲው የተቆለፈ ስንት ድርሰት፣ ስንት ደብዳቤ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ይኖር ይሆን? ፋይሉ አይጠፋ ይሆናል፤ ቃሉን የሚያስታውሰው ሰው ግን ይሄዳል። አባት ወይም አክስት ያኔ ይጽፉ የነበሩ ካሉ፣ ዛሬ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ሲነግሯችሁም በአንድ ቁጥር በተስማማንበት ፊደል ጻፉት።

ቸር እንሰንብት።