የዓባይ በረሃ ድንጋይና የጥንት አውሬዎች ስም

እኛ የጎጃም ልጆች ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በወረድን ቁጥር ገደሉ መልኩን ሲለዋውጥ እናያለን፤ ከላይ ጥቁር፣ ዝቅ ሲል ነጣ ያለ፣ ከወንዙ አጠገብ ቀላ ያለ ነው። ነጩ የኖራ ድንጋይ በባሕር ሥር የተጠራቀመ ነው። በ1868 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከናፒየር ጦር ጋር የመጣው ዊልያም ብላንፎርድ ይህንኑ ዓይነት ድንጋይ በትግራይ አይቶ በአንጣሎ ስም ጠራው። ጎጃምን ሳይረግጥ የኛም ገደል በዚያው ስም ተጠራ።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ለጥንት አውሬዎች ስም ማውጣት ተጀምሮ ነበር። ሐኪሙ ጌዲዮን ማንቴል በ1825 ጥቂት ጥርሶችን ተመልክቶ ባለቤታቸውን ኢጓኖዶን አለው፤ ጥርሱ ኢጓና የሚባለውን የአሜሪካ እንሽላሊት ጥርስ ይመስላልና። በ1842 ደግሞ ሪቻርድ ኦወን የዚህን አውሬ ወገኖች ዳይኖሶሪያ፣ ማለት አስፈሪ እንሽላሊቶች፣ ብሎ ሰየመ። ማንቴል ግን የአውራ ጣቱን ሹል አጥንት በአፍንጫው ላይ ቀንድ አድርጎ ሣለው! ነገሩ የተቃናው በ1878 በቤልጅግ የከሰል ጕድጓድ ሙሉ አፅሞች ከተገኙ በኋላ ነው።

የኛ አገር ተራ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ማርክ ጉድዊንና ጓደኞቹ በመርሐቤቴ፣ በዓለም ከተማ አካባቢ፣ ከነጩ ድንጋይ በላይ ካለው የደረቀ ጭቃ ድርብርብ ያገኙትን በ1999 አሳተሙ። ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ከዓሣ፣ ከኤሊና ከአዞ ወገን ቅሪት ጋር የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ሊቃውንቱ ግን እንደ ማንቴል አልቸኰሉም፤ ጥርሶቹን ወደሚመስሏቸው ወገኖች መደቡ እንጂ አዲስ ዳይኖሰር ብለው አልሰየሙም። በዓባይ ስም የሚጠራ አውሬ ብናይ ደስ ባለን፤ ነገር ግን መንጋጋው ወይም የእግሩ አጥንት እስኪገኝ መታገሡን እንመርጣለን።